ሦስት ቦታ የተባለ አሚን

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ዋሸሁ፤ ጽፌ አውቃለሁ፣ ግን በፎቶ ጀርባ ላይ ነው። የምሠራው ደሴ፣ ጋሼ ሁሴን ፎቶ ቤት ነበር። ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ገባሁ፤ ፎቶው ታጥቦ ሲደርቅ በጀርባው «የወይዘሮ እገሊት፣ አራት ጉርድ» ብዬ እጽፋለሁ። ከዚህ የረዘመ ነገር የጻፍኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ስደርስበት እነግራችኋለሁ። እስከዚያው ወሬዬ መሐል ላይ ቢንገዳገድ ታገሡኝ። ሰው ፊት ማውራት አልችልም። ወረቀት ደግ ነው፤ ዓይን ዓይኔን አያየኝም።

ያን ጊዜ ፎቶ የማይጠየቅበት ነገር አልነበረም። ቀበሌ ፎቶ ይላል፣ ማኅበር ፎቶ ይላል፣ ሥራ ልቀጠር ያለ ሰው ፎቶ ይባላል። ጋሼ ሁሴን እሑድ እሑድ ካሜራቸውንና ፏፏቴ የተሳለበትን ሸራ ይዘው ኮምቦልቻ ይወርዳሉ፤ ሰውን ፏፏቴው ፊት እያስቀመጡ ያነሳሉ፤ ደሴ መጥተው ያጥባሉ። ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ፖስታዬን በደረቴ ይዤ ወርጄ የማድል እኔ ነኝ። ሥራዬን እወደው ነበር። ፎቶ ሲሰጡት የማይደነግጥ ሰው የለም፤ ሁሉም «ይሄ እኔ አይደለሁም» ይልና ተቀብሎ ይሄዳል። እኔ መናገር አይጠበቅብኝም።

ችግሩ ያለው መናኸሪያው ላይ ነበር። እናቴ «ቅደሙ ማለት ሰው አያከስርም» ብላ ነው ያሳደገችኝ። እናቴ የደሴን መናኸሪያ አታውቅም። መኪና ሲመጣ ሰው ሁሉ በክርኑ ይሄዳል፤ እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ «ቅደሙ» እላለሁ። አንድ ሰኞ ሦስት አሮጊቶች፣ አንድ ቄስ፣ ሁለት ነፍሰ ጡሮችና አንድ ሙክት አሳልፌ መኪናው ሞላ። ሙክቱን ያሳለፍኩት ዓይን ዓይኔን ስላየኝ ነው። የዚያን ቀን ኮምቦልቻ ስደርስ ሰው ጠብቆ ጠብቆ ተበትኗል።

ጋሼ ሁሴን ፖስታው እንዳለ ሲመለስ አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስሚ ልጄ» አሉኝ፤ «በሳምንት ሦስት ቀን የሚመላለስ ሰው እንዴት መኪና አይለምድም? ደንበኛ ሁኚ። ደንበኛ ከሆንሽ ቦታሽ ይጠበቅልሻል። ባለመኪና ሁሉ ለደንበኛው የሚያደርገው ነገር አለው፤ ሂጂና አጥኚ፣ ከዚያ አንዱን ምረጪ። አንዱን ነው ያልኩሽ።»

አጠናሁ። በኮምቦልቻ መንገድ ቀኑን ሙሉ የሚመላለሱት ሦስት መኪናዎች ነበሩ።

የመጀመሪያው የጋሽ ታደሰ አውቶብስ ነው። ጋሽ ታደሰ ራሳቸው ይነዱታል። ከጭንቅላታቸው በላይ ባለው ቆርቆሮ ላይ የየደንበኛው ስም ተጽፏል፤ በሄዳችሁ ቁጥር በጠመኔ አንድ ጭረት ይጨምሩላችኋል። አሥራ ሁለት ጭረት የሞላለት ሰው አሥራ ሦስተኛውን በነፃ፣ ያውም ጋቢና ከእሳቸው ጎን ተቀምጦ ይሄዳል። በጣም ደስ ይላል። ነገር ግን አውቶብሱ በተንገጫገጨ ቁጥር ጠመኔው ይራገፋል። አንድ አስተማሪ ከደሴ ሲነሳ አሥራ አንድ ጭረት ነበረው፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲጨርስ ሰባት ሆኖ ተገኘ ይባላል። አሥራ ሁለት የሞላለት ሰው ስም ብጠይቅ የሚነግረኝ አጣሁ።

ሁለተኛው የሐጂ ሙሄ ላንድሮቨር ነው። ሐጂ ጭረት የሚባል ነገር አያውቁም። «አላህ ይቆጥረዋል» ይላሉ። የእሳቸው ጥቅም ዱዓ ነው። መኪናው ከመነሳቱ በፊት እጃቸውን ዘርግተው ደንበኞቻቸውን አንድ በአንድ በስም እየጠሩ ዱዓ ያደርጋሉ፤ የታመመ ዘመድ ያለው ዘመዱን ያስጨምራል። ደንበኞቻቸው እየበዙ ሲሄዱ ዱዓው ረዘመ። ሐጂ ስም ጠርተው ሳይጨርሱ የጋሽ ታደሰ አውቶብስ ኮምቦልቻ ደርሶ ይመለሳል። ሆኖም ከላንድሮቨሩ የሚወርድ ሰው ፊቱ ያበራል።

ሦስተኛዋ ውይይት ናት፤ ሰውን ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የምታስቀምጠው ያቺ ሰማያዊ መኪና። የሚነዳት ባልየው ነው፤ የምታዘው ግን ሚስቱ እትየ ሎሚ ናት። እትየ ሎሚ ለደንበኞቿ ቆሎ ታድላለች። በዚያም ላይ ማዕረግ አለው። አዲስ ደንበኛ ገብስ ብቻ ነው የሚዘገንለት። ወር የቆየ ሽምብራ ይጨመርለታል። ዓመት የደፈነ ለውዝ ውስጥ ይገባል። «እሱማ ለውዝ ደርሷል» ሲባል ሰው ዞር ብሎ ያየዋል። ያላገባች ሴት ደንበኛ ከሆነች ደግሞ እትየ ሎሚ መርጣ ደህና ሰው ፊት ለፊት ታስቀምጣታለች።

እንግዲህ ከነዚህ አንዱን መርጬ ብመጣ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር። የሄድኩት ለመጠየቅ ብቻ ነው። ግን የእኛን አገር ታውቁታላችሁ። ወሎ ውስጥ ውል የሚታሰረው በፊርማ አይደለም፤ ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ ይመርቃል፣ እናንተ አሚን ትላላችሁ፣ አለቀ። ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ እያለ አፍን መዝጋት ደግሞ ተሰምቶ የማይታወቅ ነውር ነው።

ጋሽ ታደሰ ዘንድ ቀርቤ «እ... ደንበኛ...» ስል መሪያቸውን ለቀው እጃቸውን አነሱ። «ከመንገድ ክፉ ይሰውርሽ፤ እግርሽም ከእኔ መኪና አይጥፋ!» አሉ። አሚን አልኩ። ምን ልበል?

ወደ ሐጂ ሄድኩ። «እ...» ከማለቴ፣ «ያ አላህ፣ ይችን ልጅ ከዛሬ ጀምሮ ከኛ ጋር ውጪ፣ ከኛ ጋር ግቢ በላት» አሉ። ላንድሮቨሩ ሙሉ ሰው አሚን አለ። እኔም አልኩ።

እትየ ሎሚ ዘንድ አልሄድኩም ነበር፤ እሷው ጠራችኝ። ቆሎ በእፍኜ አስጨብጣ «በእጅሽ የያዝሽው ይባረክልሽ፤ ከሌላ መኪናም አያብላሽ» አለች። አፌ ቆሎ ይዟል። ራሴን ነቅንቄ አሚን አልኩ፤ እሱም ተቆጠረብኝ።

በአንድ ጠዋት ለሦስት መኪና ታጭቼ ቤቴ ገባሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ ሄዶ «ይቅርታ፣ እኔ የእገሌ ነኝ» ይላል። እኔ ሦስት ሻሽ ገዛሁ። ለአውቶብሱ አረንጓዴ፣ ለላንድሮቨሩ ነጭ፣ ለውይይት ቀይ። አንዱ ባለመኪና ከሌላው መኪና ስወርድ እንዳያውቀኝ መሆኑ ነው። ከመናኸሪያው ግንብ ጀርባ ቆሜ ሻሽ እቀይራለሁ። አንድ ረቡዕ ቸኩዬ ሁለቱን ደራርቤ ወጣሁ። እትየ ሎሚ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ደግሞ ምን ሆነሽ ነው? ራስሽን አሞሻል?» አለች። አዎ አልኩ። እውነቴን ነበር።

ብሶ የመጣው ግን በአንዲት ቃል ነው። በሐጂ መኪና ወርጄ በጋሽ ታደሰ አውቶብስ ስመለስ፣ ጋሽ ታደሰ በመስታወታቸው አዩኝ።

«ዛሬ ስንወርድ አላየሁሽም። በምን መጣሽ?»

የሐጂን ስም ልጠራ አልቻልኩም። ዝም ማለትም አልቻልኩም።

«በእግሬ» አልኩ።

ጋሽ ታደሰ መኪናውን ጥግ አስይዘው አቆሙ።

«ሐረጎን? በእግርሽ?»

አሁን አይደለም ብል ውሸታም ልሆን ነው። አንገቴን ደፋሁ። አንዲት ሴትዮ እግሬን ዝቅ ብላ አየችና ማልቀስ ጀመረች። አንዱ ዳቦ፣ አንዱ ሙዝ አቀበለኝ። ጋሽ ታደሰ «እኔ ሞልቶብኝ ብሄድ እንኳ ለምን ትንሽ አልጠበቅሽም?» ብለው ተቆጡ፤ ወዲያው በቆርቆሮው ላይ የእዝነት ሁለት ጭረት ጨመሩልኝ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ኮምቦልቻ ገባ። ቅዳሜ ፎቶ ሳድል ስሜ «በእግሯ የምትመጣው ልጅ» ሆኖ አገኘሁት። ሰዎች ተማክረው ኮንጎ ጫማ ገዝተውልኛል፤ ቁጥሩ የእግሬ ሁለት እጥፍ ነው፤ «መንገደኛ እግሩ ያብጣል ብለን ነው» አሉኝ። ተሸክሜው ተመለስኩ። ጋሼ ሁሴን ጫማውንም ወሬውንም በአንድ ላይ ሰሙ።

«የመኪና እየሰጠሁሽ በእግርሽ ትሄጃለሽ?» አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ሆነ፤ ሲናደዱ እንደዚያ ነው። «ለዚህ ነዋ የምታረፍጂው። እንግዲህ ስሚ። የፊታችን ቅዳሜ የእመት ዘይነባን ፎቶ ትወስጃለሽ። እሱን ካስረፈድሽ፣ ሰኞ እንዳትመጪ።»

እመት ዘይነባን ላስተዋውቃችሁ። ከሐርቡ መጥተው ኮምቦልቻ የሚኖሩ፣ እንደ ሸምበቆ የቀጠኑ አሮጊት ናቸው። አንድ ልጃቸው ዘምቶ ሰሜን ነው። የክረምቱ ችግር ወሬ እዚያ ድረስ ደርሶት፣ «እናቴ ከስታ ይሆን?» እያለ በየደብዳቤው ይጠይቃል። እመት ዘይነባ ሊያስረዱት ፈለጉ። ፎቶ ሊነሱ ሲመጡ ሦስት ቀሚስ ደራርበው፣ በላዩ ጋቢ ደርበው፣ ፏፏቴው ፊት ተቀመጡ። ያ ሁሉ በኮምቦልቻ ሙቀት ነው። ጋሼ ሁሴን «አንድ፣ ሁለት» ሲሉ ጉንጫቸውን በትንፋሽ ነፉት። «እመት፣ ትንፋሽዎን ያውጡ» ቢሏቸው በጭንቅላታቸው እንቢ አሉ። እንደተነፉ ተነሱ።

የልጃቸው ጓደኛ ለዕረፍት መጥቶ ነበር፤ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ይመለሳል። ፎቶውን እሱ ይወስደዋል። «ግን እኔ ሳላየው አይሄድም» ብለዋል እመት ዘይነባ፤ «ቀጭን ሆኜ ከወጣሁ ይቅር።»

ያ ቅዳሜ ደረሰ። ሌሊቱን ሳልተኛ ነጋና አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ነበርኩ። ሆኖም ከኮምቦልቻ በኩል የጦር ኮንቮይ እየወጣ ነው ተብሎ የሚወርድ መኪና ሁሉ ታገደ። ሁለት ሰዓት ሆነ። ሦስት ሆነ። በሌላ ቀን ተራ በተራ የሚወጡት ሦስቱ መኪናዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ቆሙ። ግንቡ ጀርባ ሄጄ ሻሼን ልመርጥ አልቻልኩም፤ ለማን ልልበስ?

አራት ሰዓት ላይ «ሂዱ» ተባለ።

«ነይ ልጄ፣ ቦታሽን ይዤልሻለሁ!» አሉ ጋሽ ታደሰ። እንቢ ላለማለት ጃንጥላዬን ሰጠኋቸው።

«የኛ ልጅ፣ ዱዓው አንቺን ነው የሚጠብቀው» አሉ ሐጂ። ኮንጎ ጫማውን የያዘ ዘንቢሌን ሰጠኋቸው።

«ምነው ቆመሽ? ዛሬ እኮ ሽምብራ ገብተሻል» አለች እትየ ሎሚ። ሻሾቹን ሰጠኋት። ሦስቱንም።

ዕቃዬ ሁሉ ተሳፈረ። እኔ ፖስታዬን በደረቴ ይዤ መሐል ቆምኩ።

«የምን ጃንጥላ ነው? እሷ የኔ ደንበኛ ናት» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ኧረ ሰውዬ፣ ወር ሙሉ ዱዓ ሳደርግላት የከረምኩት ለማን መሰለህ?» አሉ ሐጂ።

«የማንን ቆሎ ስትበላ ነበር ታዲያ?» አለች እትየ ሎሚ።

ሦስቱም ሞተር አጠፉ። ያለ እኔ የሚነሳ ጠፋ፤ የተባለ አሚን ጥሎ መሄድ መንገድ ላይ ክፉ ያጋጥማል ባዮች ናቸው። ተሳፋሪው ጮኸ። ያን ጊዜ ተራ አስከባሪው ጓድ በላይ ፊሽካውን ነፍቶ መጣ። ጓድ በላይ ስብሰባ ይወዳል። ወዲያው ሰውን ሰበሰበ፤ አጀንዳ አስያዘ፤ አጀንዳው እኔ ነኝ።

«ተከሳሽ... ማለቴ ተሳፋሪ ትጠየቅ» አለ። «አሚን ያልሽው ለማን ነው?»

«ለ... ሁሉም» አልኩ።

«አይሰማም፣ ከፍ አድርጊው።»

«ለሁሉም ነው ያለችው!» ብለው ሠላሳ ሰዎች አብረው ነገሩልኝ።

ከዚያ ሁሉም ተናገረ። አንዱ «የመጀመሪያው አሚን ይጸናል» አለ። ሌላው «የለም፣ ኋለኛው ፊተኛውን ይሽረዋል» አለ። አንዲት ሴትዮ «ራስን ነቅንቆ የተባለ አሚን አሚን አይደለም» አለች፤ እትየ ሎሚ ልትደባደብ ተነሳች። ሐጂ በእግሬ ወርጃለሁ ማለቴን የዚያን ቀን ገና ሰሙ። «የኔን መኪና እግሬ አለችው?» ብለው ክፉኛ አዘኑ። አምስት ሰዓት ሆነ። ሥራዬ ሲሄድ ይታየኛል፤ ሦስት ቀሚስ ደርበው በር በሩን የሚያዩ አሮጊት ይታዩኛል።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ፎቶውን ከፖስታው አውጥቼ ወደ ላይ ያዝኩት።

«እኚህ ሴትዮ ልጃቸው ዘምቷል» አልኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። «ከስታለች እንዳይል ነው ጉንጫቸውን የነፉት። ፎቶው ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ካልደረሰ ይቀራል። እኔን ቆራርጣችሁ ተካፈሉኝ፤ ፎቶውን ግን አንዳችሁ አድርሱ።»

ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ሰው ሁሉ ፎቶውን አንጋጦ አየ። የሳቀ የለም። ጋሽ ታደሰ ቆባቸውን አወለቁ። የእሳቸውም ልጅ እዚያ ነበር ለካ።

«ሰኞ ከአቶ ታደሰ፣ ረቡዕ ከወይዘሮ ሎሚ፣ ቅዳሜ ከሐጂ ጋር ትሂድ» አለ ጓድ በላይ ቀስ ብሎ። «ተቃውሞ?» ተቃውሞ አልነበረም። ይህች ቀላል ነገር ወር ሙሉ እንዴት እንዳልታየችኝ አላህ ይወቅ። እኔም እዚያው በልቤ ማልኩ፦ ወላሂ ከእንግዲህ ምርቃቱን እስከ መጨረሻው ሳልሰማ አሚን አልልም።

ወደ ሐጂ መኪና ስራመድ ከታች አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ገባና ቆመ። ከጋቢናው አንድ ወታደር ወረደ፤ ዞሮም እጁን ዘረጋ። እጁን ይዘው የወረዱት እመት ዘይነባ ናቸው። ወታደሩ ፎቶውን የሚወስደው የልጃቸው ጓደኛ ነው፤ ኮንቮዩ ቀድሞ ጠርቶት ደሴ ላይ ሊቀላቀል ነው። ስድስት ሰዓት የተባለው ቀርቷል። እመት ዘይነባ ፎቶው ካልመጣ እኔ እሄዳለሁ ብለው ተከትለውት ወጡ።

ሰው መንገድ ለቀቀልን። ፎቶውን ሰጠኋቸው። አራቁት፤ አቀረቡት፤ ለወታደሩ አሳዩት።

«ወፍሬያለሁ?»

«ኧረ በጣም ወፍረዋል፣ እናቴ» አለ ወታደሩ።

«አሁንስ ያምናል?»

«ያምናል።»

እመት ዘይነባ ወደ እኔ ዞሩ። «ጻፊልኝ ልጄ፣ በጀርባው።» በጓድ በላይ እስክሪብቶ፣ በጓድ በላይ ጀርባ ላይ አስደግፌ የነገሩኝን ጻፍኩ፦ «ጠግቤ ነው የማድረው። ጋቢው የራሴ ነው። አንተ ብቻ ና። እናትህ።» ረጅሙ ጽሑፌ ያ ነው። ወታደሩ በደረት ኪሱ ከተተው፣ ኪሱን ቆለፈው፣ እጃቸውን ሳመና ሄደ።

እመት ዘይነባ ከዓይናችን እስኪሰወር አዩት። ከዚያ እዚያው መሐል መናኸሪያ ላይ እጃቸውን ዘረጉ። ጓድ በላይ እንኳ ዙሪያውን አይቶ ቆቡን አወለቀ።

«ያ ረቢ፣ ልጄን በሰላም መልስልኝ» አሉ።

«አሚን» አለ መናኸሪያው በሙሉ። እኔም ልል አፌን ከፈትኩ፤ መሐላዬ ትዝ አለኝና ጠበቅኩ። እስከ መጨረሻው ልሰማ።

«መልሰህም ይችን ፎቶዬን ያመጣችልኝን ዓይነ አፋር ልጅ አግባልኝ፤ ከነጫማዋ ከቤቴ ትግባ።»

ጠብቄ ምን አተረፍኩ? ምርቃት እንደ ዳቦ አይቆረስም፤ የሚመለሰውና የሚያገባኝ አንድ ሰው ነው፤ ፊተኛውን ተቀብዬ ኋለኛውን ልተው አልችልም። አሚን ብል ፊቱን በፎቶ እንኳ ላላየሁት ሰው ታጨሁ። ዝም ብል የእናት ልጅ አይመለስ አልኩ። ጋሽ ታደሰ በመስኮት ብቅ ብለው ያዩኛል። ሐጂ እጃቸውን አላጠፉም። እትየ ሎሚ ለውዝ በእፍኟ ይዛ ትጠብቃለች። እመት ዘይነባ ደግሞ ወደ እኔ ዘንበል አሉና በጆሮዬ፣

«አሚን በይ እንጂ ልጄ፤ እጄ እኮ ዛለ» አሉኝ።